ለጌታዋ «አንተ» ትላለች እንዴ?

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ሪሞቱ እናቴ ጋ ነው። ማንም ደንብ አላወጣም። ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት፣ ሪሞቱም ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ አቦሉ ሳይቀዳ እጁን የሚዘረጋ የለም። ባለቤቴ የቱርክ ድራማ ትወዳለች። ዘጠነኛ ክፍል የጨረሰችው ልጄ ፍላሽ ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ቀኑን ጣሪያ ላይ ስለምውል የተከፈተልኝን አያለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮታችን ላይ በተኛበት ሰሞን፣ ልጄ ከፍላሿ «ሾጉን» የሚባለውን፣ የድሮው ተከታታይ ፊልም እንደገና የተሠራበትን ሲዝን ከፈተች። 10 ክፍል ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ አራታችንም አየነው። ከዚያ ወዲህ የድሮ ተከታታይ ፊልም እንደገና ተሠራ ሲባል የምመዝንበት ነገር ተለወጠብኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ግን ከሥራዬ ልጀምር።

ደሴ ውስጥ ዲሽ እተክላለሁ። ዲሽ መትከል ጣሪያው ላይ አያልቅም። ወርዶ ሳሎን መግባት፣ ሪሲቨሩን ከፍቶ ቻናል ማስገባት፣ ከዚያም «የትኛው ከፊት ይሁንላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለ። ቤተሰቡን የማውቀው እዚያ ላይ ነው። አባት ዜና ይላል፣ ልጆች ኳስ ይላሉ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ግን ምንም አይሉም፤ የሚጠይቃቸውም የለም። እኔ እጠይቃቸዋለሁ። «እማማ፣ እርስዎስ?» ስላቸው ብዙዎቹ «እኔ ምን እሰማለሁ ብለህ ነው ልጄ» ይሉኛል። አለማየታቸው አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ያያሉ። የሚነግራቸው ሰው ነው የሌለው።

በ2012 የአገራችን ቻናሎች ኢትዮሳት በሚል ስም ወደ ሌላ ሳተላይት ሲዛወሩ እንደዚያ ዓመት ሠርቼ አላውቅም። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ አብዛኛው የደሴ ዲሽ ፊቱን ለጦሳ ሰጥቶ ነበር የኖረው። አዲሱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከሙጋድ እስከ ሰኞ ገበያ ዲሹ ጦሳን ጀርባ እየሰጠ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ዞረና ወደ ሰማይ ቀና አለ። ሁለት ዲሽ ለመትከል አቅም የሌለው ቤት መምረጥ ነበረበት፤ ወይ የዓረቡን ወይ የእኛን። «አንተ ብትሆን የቱን ታደርጋለህ?» ሲሉኝ «ቤት ውስጥ ላለው ሁሉ የሚሰማውን» እል ነበር። ዛሬም የምለው እሱኑ ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ታነባለች፣ ግን በጣቷ መስመሩን እየተከተለች። የቴሌቪዥን ጽሑፍ ደግሞ ጣት አይጠብቅም፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ሳትደርስ ሌላ ይመጣል። ስለዚህ በእኛ ቤት ጽሑፍ ያለው ፊልም ሁሉ ተርጓሚ ይፈልጋል።

ቃና በ2008 ከመከፈቱ በፊት በእኛ ሰፈር የቱርክ ድራማ በአማርኛ ይታይ ነበር። ጎረቤታችን ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ኤምቢሲ እ.ኤ.አ. በ2008 «ኑር» የተባለውን የቱርክ ድራማ የሶርያ ዓረብኛ አልብሶ ካሳየና ሰው ከወደደው በኋላ፣ በዓረብ ቻናሎች ላይ የቱርክ ድራማ እየበዛ ሄደ። እሷ ዓረብኛውን በጆሮዋ ትሰማለች፣ እኛ ሳሎን ቁጭ ብላ ለሴቶቹ ትነግራለች። ከተዋናዩ አፍ እስከ እናቴ ጆሮ ድረስ ሁለት ጊዜ ቋንቋ ይቀየራል። ጎረቤታችን የምትወዳትን ሙሽራ ንግግሯን ታለሰልስላታለች፣ አማቲቱን ታመርርባታለች። አንዳንዴ ሰውየው አንዲት ቃል ብሎ ዝም ሲል እሷ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። እናቴ አንድም ቀን ታሪኩ ጎደለኝ ብላ አታውቅም።

ቃና መጣ፣ ድምፁ ሁሉ አማርኛ ሆነ። በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ እነዚያ ጥግ ላይ የሚቀመጡ አሮጊቶች በስንት ቤት ወደ ፊት ሲቀርቡ በዓይኔ አይቻለሁ። «ጥቁር ፍቅር» በሚታይበት ሰዓት ሲግናል የጠፋበት ቤት ለእኔ የሚደውለው ደወል ሌላ ነበር። ጎረቤታችን ግን መጥታ አብራን እያየች ዝም ትል ጀመር። አንድ ቀን እናቴ «አንቺ ስትነግሪን ይሻል ነበር» አለቻት። ጎረቤታችን ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

አሁን ወደ ድሮው «ሾጉን» ልሂድ። 1988 ይመስለኛል፣ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። ሸርፍ ተራ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። መግቢያው 50 ሳንቲም፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የሚተረጉም አንድ ጎረምሳ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ ድምፁ ጉሮሮ የሞላ። የካራቴ ፊልም ሲሆን ብዙ አይደክምም። ያን ቀን የመጣው ካሴት ግን አብዛኛው ወሬ ነው። ጃፓን ነው አገሩ፤ ማዕበል የጣለው እንግሊዛዊ መርከበኛ አለ፣ ቶራናጋ የሚባል ጌታ አለ፣ በሁለቱ መካከል ቆማ የምታስተረጉም ማሪኮ የምትባል ወይዘሮ አለች።

ያ ተከታታይ በአሜሪካው ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. በ1980 ለአምስት ማታ የታየ ነው። ቶራናጋን የሠራው ቶሺሮ ሚፉኔ ነበር፣ መርከበኛውን ሪቻርድ ቻምበርሊን። ሠሪዎቹ ጃፓኖቹ በጃፓንኛ ሲናገሩ ከሥር ትርጉም አልጻፉም። ሆን ብለው ነው። ታሪኩ በመርከበኛው ዓይን የሚታይ ስለሆነ እሱ ያልገባው ለተመልካቹም እንዳይገባ ፈለጉ። በእንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው ብልህ ዘዴ ነው፤ ከባዕዱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ሸርፍ ተራ ላይ ግን እንግሊዝኛውም ጃፓንኛውም እኩል ባዕድ ነበር። እኛ ከመርከበኛው ጋር አልጠፋንም፤ እሱም ለእኛ ከጃፓኖቹ የቀረበ ሰው አልነበረም። ተርጓሚያችንም ለሁሉም እኩል አፍ ሰጣቸው። ጃፓንኛ እንደማያውቅ ብናውቅም ማንም አልተቃወመውም። ቶራናጋን የወሎ ባላባት አድርጎ አናገረው። «ይህን ፈረንጅ ወዲህ አቅርቡልኝ። ከማን ወገን ነው? ማንስ ላከው?» ሲል አዳራሹ ጸጥ ይላል። በዚያ ሰሞን ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት በአይጠየፍ አዳራሽ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ንጉሡ በአእምሮዬ የሚመጡት በቶራናጋ ፊትና በዚያ ጎረምሳ ድምፅ ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ሙሉውን አገኘሁትና ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየሁት። አሁን እንግሊዝኛው ይገባኛል። ጃፓኖቹ መናገር ሲጀምሩ የማስታውሰውን ንግግር ጠበቅኩ፤ የለም። ለካ ያ ሁሉ የተርጓሚያችን ነበር። እነዚያ ጌቶች አፍ ያገኙት ሸርፍ ተራ ላይ ነበር። እውነት ለመናገር አዘንኩ። ፊልሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሚፉኔ ምንም ሳይናገር ሲቀመጥ እንኳ ክፍሉን ይሞላዋል። ያዘንኩት ያን ሁሉ ሰው በዝምታ ውስጥ ስላየሁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዳግም ተሠራ ሲባል ሰምቼ ለማየት አልቸኮልኩም። ዳግም የተሠራ ነገር ብዙ ጊዜ አሳዝኖኛል። «ናይት ራይደር»ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረው፣ የሚናገረው ጥቁር መኪና። አራት ሲዝን የዘለቀው በመኪናው ፍጥነት አልነበረም፤ መኪናው ሰውየውን እንደ ታላቅ ወንድም ስለሚቆጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደገና ሠሩት፤ መኪናው ቅርጹን መቀያየር ቻለ፣ ብልሃቱ በዛ፣ ከአንድ ሲዝን ግን አላለፈም። ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ጊዜ ለእኔ አነሰብኝ። ስሙንና መኪናውን ወስደው ጨዋታውን ረሱት።

በአዲሱ «ሾጉን» ጃፓንኛው ይበዛል፣ ከሥሩም ትርጉም አለው። ቶራናጋን የሚጫወተው ሂሮዩኪ ሳናዳ ከአዘጋጆቹም አንዱ ነው። ተከታታዩ በዚያው ዓመት በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሽልማት፣ በኤሚ፣ 18 ሽልማት ወሰደ፤ በአንድ ሲዝን ይህን ያህል የወሰደ ከዚያ በፊት አልነበረም። የቀረጹት ካናዳ ነው፤ የድሮውን ግን ጃፓን ሄደው ነበር የሠሩት። ጃፓን ሄደው ለጃፓኖቹ ጆሮ ያልሰጡት እነዚያ፣ ካናዳ ተቀምጠው የሰጡት እነዚህ መሆናቸው ዛሬም ያስገርመኛል።

ታዲያ ትርጉሙ እንግሊዝኛ ነው፤ የማስተርጎሙ ሥራ ለልጄ ደረሰ። እኔ ለእናቴ ስተረጉምላት የኖርኩትን አሁን እሷ ፊቷን ወደ ስክሪን፣ አፏን ወደ አያቷ አድርጋ ጀመረችው። በመጀመሪያው ማታ ማሪኮ ለቶራናጋ ስትናገር ልጄ «አንተ እንዳልከኝ አደርጋለሁ» ብላ ተረጎመችው።

እናቴ ሲኒውን አስቀመጠች። «ለጌታዋ ‹አንተ› ትላለች እንዴ?»

«እማማ፣ እንግሊዝኛው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግሊዝኛውን ተይው። አንገቷን አታዪም? መሬት ልትነካ ነው እኮ። ይቺ ‹እርስዎ› ነው ያለችው።»

እናቴ ልክ ናት። ጃፓንኛ ለበላይ፣ ለእኩያና ለበታች ግሱን ሳይቀር የሚለዋውጥ ቋንቋ ነው፤ ጌታ የሚጠራበት ቅጥያም ለብቻው አለ። እንግሊዝኛው ያን ሁሉ በአንዲት ቃል ይደፈጥጠዋል። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ» እያለ ለእያንዳንዱ ቦታ አለው። ከጃፓን ተነስቶ በእንግሊዝኛ በኩል ሲያልፍ የወደቀውን ክብር እናቴ ከአንገት አቀርቃሪነት ብቻ አንስታ መለሰችው። ከዚያ ማታ ወዲህ ልጄ ከመተርጎሟ በፊት ማን ለማን እንደሚናገር ታያለች። ሰውየው ብቻውን ሲሆን «አንተ» የሚለውን ሰው በሰው ፊት «እርስዎ» ማለቱን ራሷ ደረሰችበት። እንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ ይህ የለም፤ እሷ ፊታቸውን አንብባ ነው።

ሦስተኛው ማታ ላይ ይመስለኛል እናቴ ሌላ ነገር አየች። መርከበኛው በቁጣ አንድ ነገር ይላል፣ ማሪኮ ለጌታዋ ስታደርሰው ለስልሶና ታሽቶ ይወጣል። በአዲሱ ውስጥ ሁለቱም ንግግር ስለሚገባን፣ ሰውየው ያለውንና ማሪኮ ያደረሰችውን ጎን ለጎን እናያለን። በድሮው ይህ ሙሉ በሙሉ የተሰወረ ነገር ነው። እናቴ «ያላለውን ነው የነገረችላቸው» አለች፤ ትንሽ ቆይታም «የኛዋን የጅዳዋን ትመስላለች»። በማግስቱ ጎረቤታችን ተጠርታ መጣች። ሰባት ዓመት በሰው ቤት፣ በእመቤትና በሌሎቹ ሠራተኞች መካከል ስታስተረጉም የኖረች ሴት ናት። ቤት እንዲያድር የፈለገችውን ቃል ብቻ አስገብታ፣ ደም የሚያቃባውን ደጅ ትታ። ይህን እኛ ያወቅነው ያን ማታ ነው፤ በስንት ዓመት ጉርብትና ነግራን አታውቅም ነበር።

አሁን ዳግም የተሠራ ነገር ሳይ የመጀመሪያውን ይመስላል አይመስልም ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ ላይ አፍ ያልተሰጠው ማን ነበር፣ አሁንስ ተሰጠው ወይ፣ እሱን ነው የምፈልገው። ይህ መለኪያ ደግሞ ሁልጊዜ አዲሱን አያስመሰግንም።

ባለቤቴ ከቱርኮቹ አብልጣ የምትወደው «አሽክ ኢ ሜምኑ» የሚባለውን ነው፣ የተከለከለ ፍቅር ማለት ነው። እሱም ዳግም የተሠራ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1975 በቱርክ መንግሥት ቴሌቪዥን በ6 ክፍል ወጣ፤ ከ2008 እስከ 2010 ደግሞ ወደ ዛሬዋ ኢስታንቡል አምጥተውት 79 ክፍል ሆነ። መርዘሙ ጥቅም አለው፤ ኩሽና ውስጥ ያሉት ሠራተኞች የራሳቸው ፍቅር፣ የራሳቸው ኩርፊያ አላቸው። በሽር የሚባለው ልጅ ደግሞ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ተሸክሞ የሚዞር ነው። ታሪኩ ከየት እንደመጣ ሳነብ ግን አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። ኻሊድ ዚያ ኡሻክሊጊል ከመቶ ዓመት በፊት በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ በሽር ሐበሻ ነው፤ ወደ ኢስታንቡል በባርነት ከተወሰዱት የእኛ ልጆች አንዱ። በ2008ቱ ላይ በሽር ቱርክ ሆነ። ለሠራተኞቹ አፍ ሲሰጡ የእኛን ልጅ አወጡት። ለባለቤቴ ስነግራት ከፍተን የነበረውን ክፍል አቆመችውና «ታዲያ እዚህ ቤት ምን እየሠራ ነበር? ማን ወሰደው?» አለች። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ሦስተኛ ጊዜ ቢሠሩት በሽርን ወደ አገሩ ፊት መልሰው ቢያመጡት ከ79 ክፍል ውስጥ አሥሩን ለእሱ እሰጥ ነበር።

ከዚያ ወደ ራሳችን እመጣለሁ። እኛ አገር የድሮ ድራማ እንደገና መሥራት ገና ልማድ አልሆነም። ደንበኛ ቤት ተቀምጬ ሪሲቨር ስሞላ ግን ይህ ወሬ ይነሳል፣ ሁልጊዜም በ«ሰው ለሰው» ይጀመራል። «ዛሬ ቢሠሩት አስናቀን ማን ይችለዋል?» ይላሉ። አበበ ባልቻ የሠራውን ማንም አይደግመውም፤ እንዲደግመውም አልፈልግም። እሱን የሚመስል ፍለጋ ከተገባ ነገሩ ያኔ አለቀ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። በብዙ ድራማዎቻችን ሳሎን ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ አንዲት ልጅ ቡና አስቀምጣ ትወጣለች። ከየት መጣች? እኔ እዚህ ደሴ መናኸሪያ ሻንጣ ይዘው አውቶቡስ የሚጠብቁትን አያቸዋለሁ፤ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ። ግማሾቹ ወደ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ወደ ባሕር ማዶ። በሩን ዘግታ ስትወጣ ካሜራው ከእሷ ጋር ቢወጣ፣ የጌቶቹን ተንኮል ኩሽና ሆና በሰማችው ልክ ብናየው፣ ያን ጊዜ ዳግም መሠራቱ ዋጋ አለው እላለሁ። በዚያውም የወሎ ሰው በድራማ ላይ ሲመጣ አምባሰል እንዲዘፍንና ዓይኑ እንዲያምር ብቻ አይጠበቅበትም።

ዘጠነኛው ክፍል ላይ የሆነውን ሳልናገር አልጨርስም፤ ልታዩት ያሰባችሁ እዚህ አቁሙ።

ማሪኮ የምትሞትበት ነው። በተከታታዩ ሁሉ ቶዳ ማሪኮ ነበረች፣ በባሏ ቤት ስም። አባቷ ጌታውን በመግደሉ ወገኗ ተዋርዶ፣ የአባቷን ስም አንስታ መኩራት አይፈቀድላትም። በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ጠላት በሩን ሊያፈርስ ሲል፣ በሩ ላይ ቆማ ተቃውሞዋን ስታሰማ ስሟን ትጠራለች፦ አኬቺ ማሪኮ። ልጄ «እኔ ማሪኮ» ብላ ልታልፈው ነበር፣ የስሙን ክብደት አላሰበችበትም።

«ቆይ ቆይ» አለች እናቴ። «መጀመሪያ የጠራችው ምንድን ነው?»

«አኬቺ። የአባቷ ስም ነው፣ እማማ።»

እናቴ ሪሞቱን ከረከቦቱ ጎን አነሳችና ለልጄ ሰጠቻት። ቅዳሜ ማታ ነበር፣ በረካውም ገና አልተቀዳም።

«መልሺው። አሁን ከነአባቷ ንገሪኝ።»